ለቄስ ማሩ ራስ የሚሆን ሄልሜት

የሞተሩ ቁልፍ ወይዘሮ ሸዋዬ መቀነት ውስጥ ከገባ ሳምንት ሊሆነው ነው። እዚያ የገባ ነገር በልመናም በቁጣም አይወጣም፤ ይህን በመርሳ ከተማ የማያውቅ ጎረቤት የለም። ልጃቸው ያሬድ የእናቱን ጠባይ ስለሚያውቅ አንድ ጊዜ ብቻ ለምኖ ተወው። ባለቤታቸው ቄስ ማሩ ግን በቀላሉ ተስፋ የሚቆርጡ ሰው አይደሉምና በየጠዋቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ገና ደጃፉን ሳያልፉ ይጀምራሉ።

«ሸዋዬ፣ ኧረ ለልጁ ቁልፉን ስጪው። እንዲህ ሥራ ፈቶ ሊከርም ነው?»

«ሥራ ቢፈታ እኔ አበላዋለሁ» ይላሉ ወይዘሮ ሸዋዬ ከያዙት ሥራ ቀና እንኳ ሳይሉ። «አንቱ ራስ ላይ ሄልሜት ሲደረግ ቁልፉ ይወጣል። ሳይደረግ እንደሁ እኔን ስትቀብሩ ከመቀነቴ ፈታችሁ ውሰዱት።»

ጠቡን ያመጣችው አንዲት ቁልቁለት ናት። ያሬድ ሞተረኛ ነው፤ ከመርሳ ሰውም ዕቃም እየጫነ በየገጠር ቀበሌው ያደርሳል። አባቱ ደግሞ ከከተማው በላይ ባሉት የደጋ መንደሮች ብዙ የንስሐ ልጆች አሏቸው። ጉልበታቸው ከከዳቸውና በቅሏቸው ከሞተች ወዲህ እነዚያን ቤቶች የሚጎበኙት በልጃቸው ሞተር ከኋላ ተፈናጥጠው ነው። ባለፈው ሳምንት ከአንዱ ቤት ሲመለሱ ክረምቱ የሸረሸረው ኮረት ላይ ጎማው ከዳቸው። ያሬድ ክርኑ ተላጠ። ቄስ ማሩ ወደ ኋላ ተፈንግለው በጭንቅላታቸው ወረዱ፣ ጥቂት እንደተጋደሙ ቆዩና ተነሥተው መስቀላቸውን ፈለጉ። አንዳች ነገር አልሆኑም።

«ጥምጣሜ አዳነኝ» አሉ ያኔውኑ።

ይህንኑ ለጎረቤት ነገሩ፣ አብረዋቸው ለሚያገለግሉት ካህናት ነገሩ፣ ጉልበታቸውን ሊያሳዩ ለሄዱበት ሐኪምም ሳይጠይቃቸው ነገሩት። ይህ ሁሉ ክንድ ነጭ ጨርቅ ተጠምጥሞ ሳለ ድንጋይ ምን ሊያደርገኝ ነው ባይ ናቸው። ያሬድ ያየው ግን ሌላ ነው። ጥምጣሙ ገና ሞተሩ መንሸራተት ሲጀምር ተወርውሮ ቁጥቋጦ ላይ ቀርቷል፤ ራሳቸው መሬት የነካው ባዶውን ነበር። ያተረፋቸው ከመንገዱ ዳር የቀረ ጭቃ ነው። ከጭቃው እልፍ ብሎ ደግሞ ሹል ድንጋይ ተገትሮ ነበር። ያሬድ ጥምጣሙን አንሥቶ ሲያቀብላቸው ከወደቁ በኋላ የተንከባለለ መሰላቸው፣ እሱም እንደመሰላቸው ተዋቸው። ድንጋዩ ግን ከዓይኑ አልጠፋ አለው። ለአባቱ የሚነግርበት አንደበት አጥቶ ለእናቱ ተነፈሰ፣ ቁልፉም ያን ዕለት መቀነት ገባ።

ሥራ መፍታቱስ ይሁን ያሬድ ይችለው ነበር። ያልቻለው የአቶ ይርጋን ነገር ነው።

አቶ ይርጋ ከደጋው መጨረሻ ባለችው ጎጥ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ካገቡበት ጊዜ አንሥቶ የንስሐ አባታቸው ቄስ ማሩ ናቸው። ለማንም ያልተነገረው ሁሉ፣ የጎልማሳነቱ ጥፋት፣ ከወንድም ጋር የተያዘው ቂም፣ ከሚስት የተደበቀው ሳይቀር እሳቸው ጆሮ ውስጥ ነው ያለው። አሁን አቶ ይርጋ ታመው ተኝተዋል፤ ሐኪሙ «ቤታቸው ይረፉ» ብሎ ከመለሳቸው ሰነባብቷል። ሞቱን አልፈሩትም፤ ሳይናዘዙ መሞቱን ነው የፈሩት። ልጃቸው መስከረም «የቅርቡን ቄስ ልጥራልህ?» ብትላቸው «የእኔን ጉድ ለሁለት ሰው አልነግርም» አሉ። ቄስ ማሩም እመጣለሁ ብለው ቃላቸውን ልከዋል። እንግዲህ ወደዚያ ጎጥ መኪና አይወጣም፣ በቅሎ የለም፣ የቄስ ማሩ ጉልበትም ያን ዳገት ቀርቶ የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ የሚወጣው እያማረረ ነው። የቀረው ሞተሩ ነው፤ ሞተሩ ደግሞ መቀነት ውስጥ ነው።

«የእኔን ሄልሜት ያድርጉ» ብሎ ያሬድ ሞክሮ ነበር። እናቱ «አንዱን አድኜ አንዱን ልቅበር?» ብለው አፉን ዘጉት። እውነታቸውን ነው።

ስለዚህ በገበያው ቀን አባትና ልጅ በሚኒባስ ወደ ወልድያ ሄዱ። ያሬድ ለጎማ መግዣ ብሎ ያስቀመጣትን ገንዘብ ይዟል፤ ውድ ነገር እንደማታነሣ ያውቃታል። ቄስ ማሩ ግን ሠርግ የተጠሩ ያህል ደስ ብሏቸዋል። ተሳፋሪውን ሁሉ መስቀል አሳልመው ጨርሰው በሲሪንቃ ሲያልፉ በመስኮት የእርሻ ምርምር ማዕከሉን ማሽላ እያዩ «ይኸ እኛ ጋ ቢዘራ ወፍ ይጨርሰው ነበር» እያሉ ይጫወታሉ። ስለ ሄልሜቱ ሲነሣ «የሚገዛው እንደሁ ለሸዋዬ ነው፤ እሷን ደስ የሚላትን ምረጥ» ብለው ተዉት።

የሞተር ዕቃ የምትሸጠው የራሄል ሱቅ ከመናኸሪያው ብዙ አይርቅም። ጎማው፣ ሰንሰለቱ፣ የዘይት ጣሳው መተላለፊያውን ሞልቶት ሄልሜቶቹ ከላይ ተደርድረው ተሰቅለዋል። ራሄል እጇን በጨርቅ ጠራርጋ መስቀሉን ተሳለመችና ለማን እንደሚገዛ ጠየቀች። ለቄሱ መሆኑን ስትሰማ እንደመሳቅ ቃጣት፣ ግን ዋጠችው።

መጀመሪያ ያወረደችው ፊትን ሙሉ የሚሸፍነውን ነው። «እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከሁሉም ይኸ ይሻላል። አገጭንም ይጠብቃል።»

ቄስ ማሩ ተቀብለው እንደ ጉድጓድ አጎንብሰው ውስጡን አዩት። «እዚህ ውስጥ ገብቼ እግዚአብሔር ይባርክህ ብል ማን ይሰማኛል? መንገድ ላይ እረኛው ሁሉ መስቀል ልሳለም ብሎ ይሮጣል። ይህን አድርጌ ቢያየኝ በድንጋይ ነው የሚቀበለኝ።»

ያሬድም ኬላ በደረሱ ቁጥር አውልቁ መባሉን አሰበ። ዋጋውን ሲጠይቅ ደግሞ ነገሩ በራሱ ጊዜ አለቀ፤ በኪሱ ያለው ግማሹን አይሞላም።

«እንግዲያው ፊቱ ክፍት የሆነውን» አለች ራሄል። ሁለት አወረደች። አንደኛውን ይዛ በአውራ ጣቷ ስትጫነው ጎበጥ ብሎ ተመለሰ። «ይኸ ርካሹ ነው። ለትራፊክ ፖሊስ ይሆናል፣ ለራስ ግን አይሆንም።» ሌላውን ሰጠቻቸው። ይኸኛው አልበገር አለ፤ ውስጡ ጠንካራ ፎም፣ ከፎሙ ላይ ለስላሳ ጨርቅ፣ ከአገጭ ሥር ደግሞ በሁለት ቀለበት የሚጠላለፍ ማሰሪያ አለው። «አገጭን አይሸፍንም፣ ያንን እወቁት። ራስን ግን ይይዛል።» ዋጋውም ያሬድ ትንሽ ቢከራከር የሚደረስበት ነበር።

«ይኸ ይሁን» አለ ያሬድ ደስ ብሎት።

«እንግዲህ ልክዎን እንይ። አባ፣ ጥምጣሙን አንዴ ዝቅ ያድርጉልኝ።»

ቄስ ማሩ ጥምጣማቸውን በእጃቸው ደገፍ አደረጉ። ከዚያ ረጋ ብለው «በላዩ ለኪው» አሏት።

«በላዩ አይሆንም፣ አባ።»

«ለምን አይሆንም? ራሴ እኮ እስከነጥምጣሙ ነው።»

ራሄል ወደ ኋላ የዕቃ ክፍሉን የጋረደውን መጋረጃ አሳየቻቸው፣ እዚያ ገብተው ማንም ሳያያቸው ይለኩ አለች። ለቄስ ማሩ ግን ነገሩ ከመጋረጃ ያለፈ ነበር። ጥምጣማቸው ብቻቸውን የሚጠመጥሙት አይደለም። በየጠዋቱ ወይዘሮ ሸዋዬ አንዱን ጫፍ ወጥረው ይይዛሉ፣ እሳቸው እየዞሩ ይጠመጥማሉ፤ ካገቡ ጀምሮ እንዲህ ነው። እዚህ ቢፈቱት ማን ይጠመጥምላቸዋል?

«ዛሬ ገበያ ነው፤ ግማሹ መርሳ እዚህ ነው ያለው» አሉ። «ቄስ ማሩ ጥምጣሙን ጥሎ ወልድያ ሲዞር ታየ ተብሎ ሲወራ ማን ሊያስረዳልኝ ነው? ክህነቱን ተወ ነው የሚሉት። ደግሞ ዛሬን ላውልቅ እሺ፣ የንስሐ ልጆቼ ቤትስ? በባዶ ራሴ ልግባ?»

«ከሥር ስስ ቆብ ቢያደርጉስ?» አለች ራሄል።

«ቆብ የመነኩሴ ነው። እኔ ሸዋዬን የምታህል ሚስት አለችኝ፣ ምን ብዬ እመንኩሳለሁ?»

ራሄል በዚህኛው ሳቀች፣ እሳቸውም ሳቁ፣ ሐሳባቸውን ግን አልለወጡም። በጥምጣሙ ላይ የሚገባ ተፈልጎ ተፈልጎ አንድ ነጭ ተገኘ፤ ከመደርደሪያው ሁሉ ትልቁ። ጋን ላይ እንደተደፋ ድስት ሆነ። ራሄል ማሰሪያውን አጠበቀችና ያሬድን ከኋላ ገፋ አድርገው አለችው። ያሬድ በሁለት ጣቱ ገፋ ቢያደርገው ሄልሜቱ ከነጥምጣሙ አፍንጫቸው ላይ ወረደ።

«መሸጡን እሸጥልዎታለሁ፣ አባ» አለች ራሄል ሳቋ ጠፍቶ። «ግን ሲወድቁ እሱ ቀድሞዎት ነው የሚሄደው።»

«ይሂድ፤ መንገዱን ያውቀዋል» አሉ ቄስ ማሩ ከውስጥ።

ያሬድ ከፈለ። ሲከፍል በራሱ አፈረ። ይህ ዕቃ እናቱን ለማታለል እንጂ አባቱን ለማዳን እንዳልተገዛ ያውቃል። ሞተር ላይ ሲቀመጡ እሱ ከፊት ነው፤ ከኋላው ያለውን አያይም። የሚሰማው ትከሻው ላይ ያረፉትን ሁለት እጆች ብቻ ነው፣ እነሱም አንድ ቀን ድንገት ቢለቁት ዞሮ ምን እንደሚያይ ፈራ። ይህን ሁሉ ግን ሱቅ ውስጥ ለአባቱ መናገር አልቻለም፤ አባት ናቸው፣ ቄስም ናቸው።

ወደ መርሳ የምትመለሰው ሚኒባስ ገና አልሞላችም ነበር። ተሳፍረው ሲጠብቁ ስልኩ ጮኸ። መስከረም ናት፣ የአቶ ይርጋ ልጅ።

«ያሬድ፣ አባቴ ከጠዋት ጀምሮ ውሃም አልወርድለት ብሏል። ዓይኑን በገለጠ ቁጥር መጡ ወይ ነው የሚለው። ነገ የሚደርስ አይመስለኝም።»

ያሬድ ስልኩን ለአባቱ ሰጠ። ቄስ ማሩ ጥቂት አዳመጡ፣ «እመጣለሁ በይው፤ ዛሬ እመጣለሁ» አሉና መለሱለት። እጃቸው መስቀሉ ላይ ሆኖ ቀረ።

«ሸዋዬ ይኸን አይታ ቁልፉን ትሰጠናለች?» አሉ ጭናቸው ላይ ያለውን ነጭ ሄልሜት እያዩ።

«አትሰጥም» አለ ያሬድ። ከዚያ ልቡን ያዝ አድርጎ ቀጠለ። «ብትሰጥም እኔ አልወስድዎትም፣ አባዬ። ያን ቀን ጥምጣሙ አይደለም ያዳነዎት። እርስዎ ሳይወድቁ ነው እሱ የበረረው፤ ቁጥቋጦ ላይ ነው ያገኘሁት። ራስዎ ባዶ ነበር።»

ቄስ ማሩ ቀስ ብለው ወደ እሱ ዞሩ።

«ታዲያ ምን አዳነኝ?»

«ጭቃ።»

«ጭቃ?»

«ጭቃ ነው፣ አባዬ። ከጭቃው አጠገብ ድንጋይ ነበር። ትንሽ እልፍ ብለው ቢሆን ኖሮ ዛሬ አቶ ይርጋም እርስዎን አይጠብቁም፣ እኔም አባት አይኖረኝም።» ተሳፋሪ እንዳያየው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ለከተማው ሁሉ ጥምጣሜ ነው ብዬ ነገርኩ እኮ» አሉ አባቱ ለራሳቸው ያህል። ከዚያ «ጭቃውም የእግዚአብሔር ነው» አሉና መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። የሚኒባሷ ረዳት «ወዴት ናችሁ?» ሲል ያሬድ ሄልሜቱን አንጠልጥሎ ከኋላቸው ወረደ። ያ የሚያማርረው ጉልበት ወደ ራሄል ሱቅ ሲመለስ ያሬድ እኩል ለመራመድ ተቸግሮ ነበር።

ራሄል ገና ስታያቸው መጋረጃውን ልትከፍት ተነሣች። ቄስ ማሩ «ተይው፣ ልጄ» አሏትና እዚያው የዘይት ጣሳዎቹ መሀል ቆመው ጥምጣሙን መፍታት ጀመሩ። ጨርቁ እየዞረ ያሬድ ክንድ ላይ ተከመረ፤ ረዥም ነው፣ አያልቅም። ራሄል ዓይኗን ወደ መሬት ሰበረች። ያሬድ ግን አየ። የአባቱ ራስ ትንሽ ነው። ያ ሁሉ ሲነሣለት የቀረው ለጋ የሚመስል ነጭ ጸጉር ያለበት የአንድ ሽማግሌ ራስ ነው። በልጅነቱ ተራራ የሚያህሉ ይመስሉት ነበር።

ልካቸው መካከለኛ ሆኖ ተገኘ። ፊቱ ክፍት ከሆነው መካከለኛ ደግሞ የቀረው አንድ ጥቁር ብቻ ነው፤ እሱም ግንባሩ ላይ የራስ ቅል ሥዕል ተለጥፎበታል፣ ጥርሱን ያገጠጠ። የወጣቶች ምርጫ ነው። ራሄል አፍራ «ቤንዚን ቢነካው ይለቃል፣ እኔ አስለቅቅልዎታለሁ» ብላ ጨርቅ ልትፈልግ ዞረች።

«ጊዜ የለኝም፣ ተይው» አሉ ቄስ ማሩ። «የአዳምም ራስ ቅል ከጌታ መስቀል ሥር ይሣል የለ? እኔም መስቀል ይዣለሁ።»

አሰረችላቸው። ከጺማቸው ሥር ሁለቱን ቀለበቶች አጠላልፋ ሳበች፤ አንዲት ጣት ብቻ የምታስገባ ቦታ ተወች። ያሬድ ከኋላ ገፋ፤ ሄልሜቱ አልነቃነቅም አለ፣ ራሳቸው አብሮ ጎነበሰ። ጎን ለጎን አወዛወዘው፤ ጉንጫቸው አብሮ ሄደ። ራሄል ነጩን ተቀብላ ወደ ቦታው መለሰችው፤ ተጨማሪ ገንዘብም አልጠየቀችም። በር ላይ ስትሸኛቸው መስቀሉን እንደገና ተሳለመች። «አብሽሩ አባ፣ ይደርሳሉ» አለች።

በባዶ ራስ በገበያ መሀል ከመሄድ ይሻላል ብለው ቄስ ማሩ ሄልሜቱን አላወለቁም። እንዲሁ እንዳሠሩት ሚኒባስ ገቡ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየ። ረዳቱ በር ላይ እንደተንጠለጠለ «አባ፣ እኛን ፈርተው ነው? ያን ያህል ክፉ እንነዳለን እንዴ?» ቢላቸው ሚኒባሷ በሳቅ ሞላች። እሳቸውም ሳቁ፣ ግን ዓይናቸው ከመንገዱ አልተነሣም። ያሬድ ጥምጣሙን እቅፉ ውስጥ ይዞ ሾፌሩ ሰው ለመጫን በቆመ ቁጥር ጥርሱን ያፋጫል።

ወይዘሮ ሸዋዬ ደጅ ነበሩ። ባላቸው ጥቁር ነገር ተሸክመው፣ የራስ ቅል ግንባራቸው ላይ ለጥፈው ሲመጡ አይተው አማተቡ። ከዚያ አንድ ቃል ሳይናገሩ ጠጋ ብለው ሄልሜቱን ከኋላ በኩል ያዙና በሙሉ ጉልበታቸው ወደፊት ገፉ። ወደ ጎን ጎተቱ። ሽቅብ ሳቡ።

«ልትነቅይኝ ነው፣ ሸዋዬ?»

«አልነቀል ማለትዎ ነው ደስ ያለኝ» አሉ። ያሬድ የአቶ ይርጋን ነገር ነገራቸው። ወይዘሮ ሸዋዬ መቀነታቸውን ፈቱ፣ ቁልፉን ለልጃቸው ሰጡ። ጥምጣሙን ከልጃቸው እቅፍ ተቀብለው በጥንቃቄ አጣጠፉና ጃኬቱን ከፍተው ደረቱ ላይ አስቀመጡለት። «ስትደርሱ ጫፉን ወጥረህ ያዝላቸው። እንዳይላላ» ብለው አስጠነቀቁት። ቁጣቸው ሁሉ ሄዶ ድምፃቸው አነሰ።

ዳገቱን ሲይዙ ፀሐይዋ ገና አልዘቀዘቀችም። ያሬድ ያቺን ቁልቁለት፣ አሁን ዳገት ሆና፣ በአንደኛ ማርሽ በቀስታ አለፋት፤ ጭቃው ደርቋል፣ ድንጋዩ ቆሟል። የአባቱ እጆች ትከሻው ላይ ናቸው። የሞተሩን ድምፅ የሰሙ እረኞች ወደ መንገዱ ሮጡ፣ ራስ ቅሉን አይተው ቆም አሉ፣ ከዚያ ከሥሩ ያለውን ጺምና ፊት አይተው «ቄስ ማሩ ናቸው» ተባባሉ። እሳቸውም ሳያስቆሙ እጃቸውን ከፍ አድርገው «ይባርካችሁ፣ ልጆቼ» ይላሉ። ያሬድ ጸሎታቸውንም ይሰማ ነበር፤ ጮክ ብለው አይደለም፣ ግን ፊታቸው ክፍት ስለሆነ ከሞተሩ ድምፅ አልፎ ጆሮው ይደርሳል። አድርሰኝ ነው የሚሉት። ሌላ ምንም የለበትም። ያሬድም በልቡ ያንኑ አለ።

የአቶ ይርጋ ግቢ ሰው ሞልቶታል። ይህን ሲያይ ያሬድ አቶ ይርጋ ያረፉ መሰለው። መስከረም ግን ከቤት እየሮጠች ወጣች፣ የወትሮ ልብሷን ለብሳለች እንጂ ከል አልለበሰችም።

«ደረሱልኝ?» አለች። «ቶሎ ይግቡ፣ አባ። አለ። ገና አለ።»

ቄስ ማሩ ከሞተሩ ወረዱ። ያሬድ ማሰሪያውን ፈታላቸው፣ ሄልሜቱን አወለቀ፣ ከደረቱ ጥምጣሙን አውጥቶ ዘረጋ። ጫፉን እናቱ እንዳሉት ወጥሮ ያዘ። ሽማግሌዎች፣ ጎረቤቶች፣ የንስሐ ልጆቻቸውም ሁሉ ቆመው ያያሉ። አባቱ ሌላውን ጫፍ በእጃቸው ያዙ። ጨርቁን አዩት፣ ርዝመቱን። ከዚያ በሩን አዩ። ከቤት ውስጥ የሚያጣጥር ትንፋሽ ይሰማል።

«ይህ እስኪያልቅ አይቆየኝም» አሉና የያዙትን ለቀቁት።

በባዶ ራሳቸው ገቡ። ያሬድም መስቀልና ውዳሴ ማርያማቸውን የያዘችውን ቦርሳ ይዞ ተከተለ። ቤት ውስጥ ከነበሩት ዘመዶች አንዷ ሴት ስታያቸው እጇን አፏ ላይ ጫነች። አቶ ይርጋ መደቡ ላይ ናቸው፣ ከጋቢያቸው የወጣው ፊታቸው ብቻ ነው። ዓይናቸውን ገለጡ። አጠገባቸው የቆመውን ሰው ረዥም ጊዜ አዩት፣ አላወቁትም።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ይርጋ። ማሩ ነኝ።»

«ቄስ ማሩ?» ዓይናቸው ፊታቸውን ቀስ ብሎ ፈለገ፣ ወደ ላይ ወጣ፣ ነጩ ጸጉር ላይ ቆመ። «ሸብተዋልሳ፣ አባ።»

«ሸብቻለሁ። አብረን ነው እኮ የሸበትነው።»

የአቶ ይርጋ ከንፈር ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እኔ ብቻ ያረጀሁ መስሎኝ» አሉ። «እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።»

ቄስ ማሩ በእጃቸው ለሁሉም ውጡ የሚል ምልክት ሰጡ። ሰዉ አንድ በአንድ ወጣ። ያሬድ ቦርሳውን አስቀምጦ ከሁሉ ኋላ ሲወጣ ዞሮ አየ። አባቱ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት መሬት ላይ ተንበርክከው ጆሯቸውን ከአቶ ይርጋ አፍ ጋር አገናኝተዋል። የአቶ ይርጋ እጅ ከጋቢው ውስጥ ቀስ ብሎ ወጣ፣ ሽቅብ ሄደ፣ የንስሐ አባታቸው ባዶ ራስ ላይ አረፈ። ድክም ያለ ድምፅ መናገር ጀመረ።

ያሬድ በሩን ገርበብ አድርጎ ዘጋላቸው።